የራእየ ዮሐንስ ሰምና ወርቅ
በደብራችን በሃምሳኛው ዓመት በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ በሃምሳኛው ዓመት በዓላችን ጥቂት ቃል እንድናገር የደብሩ አስተዳዳሪ ባዘዙኝ ጊዜ የምናገርበትን ነገር ከበዓሉ ከራሱ ስም አገኘሁት። ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ፥ በሃምሳኛው ዓመት በማስተስረያ ቀን ቀንደ መለከት የሚነፋበት፥ ባሪያ አርነት የሚወጣበት፥ የተሸጠም ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። የሰባት ቍጥርና መለከት በአንድነት የሚገኙበት ሌላም መጽሐፍ አለ፤ እርሱም ራእየ ዮሐንስ ነው። ዳሩ ግን በኦሪት የኢዮቤልዩ መለከት ሲነፋ ሕዝቡ ደስ ይለዋል፤ የራእዩ መለከት ሲነሣ ግን ብዙ ሰው ይደነግጣል። ይህ ድንጋጤ የሚገባ ወይም የማይገባ መሆኑን ዛሬ ብንመረምር ለነፍሳችን ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። አባቶቻችን መጽሐፉን አቡቀለምሲስ ይሉታል። ቃሉ ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ነው፤ በጽርእ አፖካሊፕሲስ ማለት የተከደነውን መግለጥ፥ መጋረጃውን ማንሣት ማለት ነው። በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ከስቅለት ዓርብ ወደ ቅዳሜ በሚያነጋው ሌሊት መጽሐፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለሚነበብ ሌሊቱን ራሱን በዚሁ ስም ይጠሩታል። እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ መጽሐፉ በዚያ የሚነበበው ጌታ በመቃብር ሳለ፥ የትንሣኤው ብርሃን ሊወጣ ሲቃረብ ነው። በሐዘንና በተስፋ መካከል ለቆመ ሰው የተሰጠ መጽሐፍ ነው። ስሙ መግለጥ ሆኖ ሳለ የሰውን ልብ በፍርሃት ለመክደን የሚያውለው ሰው ከስሙም ገና አልደረሰም።

ሁለተኛም ለማን እንደ ተጻፈ እንወቅ። ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየው በፍጥሞ ደሴት ነው። የሊዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ሄሬኔዎስ እንደ መሰከረው ጊዜው የሮሙ ንጉሥ ድምጥያኖስ የመንግሥቱ ፍጻሜ ነበረ፤ ይኸውም ከጌታ ልደት በኋላ 95 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። የተላከውም በታናሽ እስያ፥ ዛሬ የቱርክ አገር በሆነው ምድር፥ ወደ ነበሩት ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ እነርሱም ኤፌሶን፥ ሰምርኔስ፥ ጴርጋሞን፥ ትያጥሮን፥ ሰርዴስ፥ ፊልድልፍያና ሎዶቅያ ናቸው። በእነዚያ ከተሞች ለሮም ነገሥታት ቤተ ጣዖት ተሠርቶላቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ፥ በ112 ዓመት ገደማ፥ ፕሊኒዮስ የተባለው የሮም ገዥ ከዚያው አቅራቢያ ካለው ከቢታንያ ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ፥ በክርስትና የተከሰሱትን ሰዎች በንጉሡ ምስል ፊት ዕጣንና ወይን እንዲያቀርቡ ያዛቸው እንደ ነበረ፥ እምቢ ብለው የጸኑትንም ያስገድላቸው እንደ ነበረ ገልጿል። እንግዲህ መጽሐፉ አስቀድሞ የተነበበላቸው ሰዎች በአንዲት ቍንጥር ዕጣን ነፍሳቸውን የሚጠየቁ ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች ሌላ ፍርሃት መጨመር ምን ይጠቅማቸዋል? የተላከላቸው መጽናናት ነው፤ ይኸውም በዙፋን ላይ ያለው ድምጥያኖስ እንዳልሆነ፥ የታረደው በግ ድል እንደ ነሣ የሚያስረዳ ነው።

አሁን ወደ ምሥጢሩ አነባበብ እንግባ። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ለዚህ መጽሐፍ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ በጆሮ የሚሰማው ምሳሌ ነው፤ ወርቁ በልብ የሚገኘው ፍሬ ነገር ነው። ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሄደ ተማሪ ቅኔውን አልሰማም። ደግሞ ሰሙ የማያወጣውን ወርቅ ከራሱ ፈጥሮ የሚያወጣ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ቢቆም ያፍራል፤ መምህሩ ወርቁን ከየትኛው ቃል እንዳወጣው ይጠይቀዋልና። ራእየ ዮሐንስም እንዲህ ነው። አውሬው፥ ቀንዱ፥ ፈረሱ፥ ማኅተሙ፥ ጽዋው ሰም ነው። ወርቁን ለማግኘት ሦስት ሕግ ልንጠብቅ ይገባናል።

የመጀመሪያው ሕግ፥ መጽሐፉ ራሱ የፈታውን አስቀድሞ መቀበል ነው። ሰባቱ ከዋክብት የሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት መላእክት፥ ሰባቱ መቅረዞችም አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ሆኑ በ1ኛው ምዕራፍ ተነግሯል። በወርቅ ዕቃ ያለው ዕጣን የቅዱሳን ጸሎት እንደ ሆነ በ5ኛው፥ ዘንዶው ሰይጣን እንደ ሆነ በ12ኛው፥ ጋለሞታይቱ የተቀመጠችበት ውኃ ወገንና ሕዝብ እንደ ሆነ በ17ኛው፥ ነጩ የተልባ እግር ልብስ የቅዱሳን የጽድቅ ሥራ እንደ ሆነ በ19ኛው ምዕራፍ ተገልጿል። ባለቤቱ በፈታው ላይ ሌላ ፍቺ የሚያመጣ ሰው ከባለቤቱ የበለጠ አውቃለሁ ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ሕግ፥ መጽሐፉ ሳይፈታ የተወውን ከነቢያት ግምጃ ቤት መፈለግ ነው። በ13ኛው ምዕራፍ ከባሕር የወጣው አውሬ ነብር የሚመስል፥ እግሩ እንደ ድብ፥ አፉ እንደ አንበሳ ነው። ይህን የሰማ ሰው ነቢዩ ዳንኤልን ይጠይቅ፤ በትንቢቱ በ7ኛው ምዕራፍ አንበሳና ድብ ነብርም እያንዳንዳቸው ከባሕር ሲወጡ ይገኛሉ፤ ፍቺያቸውም የምድር መንግሥታት መሆናቸው በዚያው ተነግሯል። እንግዲህ የዮሐንስ አውሬ የቀደሙትን መንግሥታት ጭካኔ ሁሉ በአንድ አካል ያከማቸ፥ የእግዚአብሔርን ስግደት ለራሱ የሚፈልግ ሥልጣን ነው። በዙፋኑ ዙሪያ ያሉት አርባዕቱ እንስሳ፥ ማለት ገጸ ሰብእ፥ ገጸ አንበሳ፥ ገጸ ላሕም፥ ገጸ ንስር፥ ከነቢዩ ሕዝቅኤል ዘንድ ይታወቃሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ኅዳር 8 ቀን ታከብራቸዋለች፤ ሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ደግሞ ኅዳር 24 ቀን። ሠዓሊዎቻችን በሥላሴ ሥዕል ዙሪያ አርባዕቱን እንስሳ የሚሥሉት፥ ካህናቶቻችንም ጽና ይዘው መንበሩን የሚያጥኑት ከዚሁ ራእይ ጋር ተስማምተው ነው። ስለዚህ የራእዩ አንድ ክፍል በየቅዳሴው በዓይናችን ፊት ይፈጸማል፤ አቡቀለምሲስን ሳያነብ የኖረ ምእመን እንኳ በውስጡ ሲቆም ኖሯል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ለኢትዮጵያ ልዩ አደራ ተሰጥቷታል። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ የጠራው መጽሐፈ ሄኖክ ከ108 ምዕራፉ ጋር ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከአገራችን ይዞት ተመልሶ በ1773 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለአውሮፓ እስኪያሳየው ድረስ፥ ምዕራባውያን ከጥቂት ቍራጭ በቀር አያውቁትም ነበር። ኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የአራማይስጡ ቍርጥራጭ ሲገኝ የመጽሐፉ ጥንታዊነት ተረጋገጠ። በሄኖክ ዘንድ የእሳቱ ዙፋን፥ የሰው ልጅ፥ የሚገለጠውም የሕያዋን መጽሐፍ አለ። ሄኖክን ያነበበ ሰው ዮሐንስ ሲናገር ቋንቋውን ያውቃል።

ሦስተኛው ሕግ፥ የታተመውን ታትሞ መተው ነው። በ10ኛው ምዕራፍ ሰባቱ ነጐድጓዶች በተናገሩ ጊዜ ዮሐንስ ሊጽፍ ተነሣ፤ ነገር ግን እንዳይጽፈው ተከለከለ። ባየው ራእይ ውስጥ እንኳ ሐዋርያው እንዲናገረው ያልተፈቀደለት ነገር ነበረ። ጌታም ያችን ቀን ከአብ በቀር የሚያውቃት እንደሌለ በወንጌል አስተምሯል። እንግዲህ ዮሐንስ ዝም ባለበት የሚናገር ሰው ከማን ሰማው?

አባቶቻችን በአንድምታ ትርጓሜያቸው ይህን ሕግ ጠብቀዋል። አንድ ቃል አንሥተው አንድም እንዲህ ነው፥ አንድም እንዲህ ነው እያሉ ፍቺውን ጎን ለጎን ያኖራሉ። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮጀር ካውሊ ይህን የራእየ ዮሐንስ ትርጓሜ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1983 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በካምብሪጅ በማሳተሙ፥ የጉባኤ ቤታችን ድካም ለዓለም ሊቃውንት ተገለጠ። አንድም የሚለው ቃል የትሕትና ቃል ነው፤ ተናጋሪው ምሥጢሩን ጨርሼዋለሁ አላለምና።

እንግዲህ በእነዚህ ሕጎች ብዙ ሰው የሚፈራውን ቍጥር እንመልከት፤ ይኸውም ፮፻፷፮ ነው። በቀደመው ዘመን ዕብራውያንና ጽርዓውያን ለቍጥር የተለየ ምልክት አልነበራቸውም፤ ፊደላቸውን ቍጥር ያደርጉት ነበር። የእኛም የግዕዝ አኃዝ የመጣው ከጽርእ ፊደል ነው። ስለዚህ የማናቸውም ሰው ስም ተደምሮ ቍጥር ይወጣዋል። ክርስቲያኖችን በሮም ያሳደደው የኔሮን ቄሣር ስም በዕብራይስጥ ፊደል ሲደመር 666 ይሆናል። በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂ ደግሞ 616 ተጽፎ ይገኛል፤ የኔሮንም ስም በሮማይስጥ አጠራር ሲደመር ይህንኑ ይሰጣል። ሄሬኔዎስ ሁለቱንም ቍጥሮች ያውቅ ነበር፤ ዳሩ ግን ስም እየገመቱ ይህ ነው ማለት አደገኛ መሆኑን፥ የትንቢቱን ፍጻሜ መጠበቅ እንደሚሻል መክሯል። በዮሐንስ ዘመን አቅራቢያ የነበረ አባት እንዲህ ከተጠነቀቀ፥ እኛ ከ1900 ዓመት በኋላ የተወለድነው በመታወቂያ ወረቀት ላይ፥ በዕቃ ላይ በተለጠፈ መስመር ላይ ቍጥሩን አገኘነው ብለን ለመማል እንደምን እንደፍራለን?

ይህን የምናገረው ለክርክር አይደለም፤ ነገሩ የሰው ነፍስና ሥጋ ስለሚነካ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ በሰፈራችን በቦሌ ያለው የሚሊኒየም አዳራሽ የሕሙማን መጠለያ ሆኖ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ክትባቱ በዚሁ በምሥራቁ የከተማችን ክፍል በየካ ኮተቤ ሆስፒታል በይፋ ተጀመረ። በዚያን ሰሞን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፥ የስኳር ሕመም ያለባቸው፥ መርፌውን ብወጋ ስሜ ከሕይወት መጽሐፍ ይፋቃልን ብለው እንባቸውን እያፈሰሱ ጠየቁኝ። አንድ ሰው የአውሬው ማኅተም በመርፌ ይገባል ብሎ አስፈራርቷቸው ነበር። እኔም ለእርሳቸው ያልሁትን ለእናንተ እደግመዋለሁ። እማማ፥ በራእዩ በ14ኛው ምዕራፍ ማኅተሙ ከስግደት ተለይቶ አይነገርም፤ ለአውሬው የሰገደ ነው ማኅተሙን የተቀበለ። ሳያውቅ፥ ለፈውስ ብሎ፥ አምላኩን ሳይክድ ማንም አይታተምም። በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ደግሞ የበጉ ተከታዮች የአብን ስም በግንባራቸው ተጽፎ ይዘዋል። እርስዎም በተጠመቁ ጊዜ በሠላሳ ስድስት የአካል ክፍልዎ ቅብዐ ሜሮን ተቀብተዋል፤ ግንባርዎ ባለቤት አለው። አልኋቸው። የሙሴም ሕግ በእጅና በግንባር እንዲታሰር በኦሪት ዘዳግም ታዟል፤ ግንባር የአሳብ፥ እጅ የሥራ ምሳሌ ነውና። እንግዲህ ሰው ሊመረምረው የሚገባ ጥያቄ፥ አሳቤ ለማን ይሰግዳል፥ እጄስ ለማን ይሠራል የሚለው ነው።

ስለ ዘመን ቍጥርም አንድ ነገር ልጨምር። አንድ የሚያስደንቅ ነገር በታየ ጊዜ ሕዝባችን ስምንተኛው ሺህ ነው ይላል። የነገሩ ሥር ባሕረ ሐሳብ ነው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ተቈጥሮ፥ በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረት ሲጨመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። በዚህም ስሌት ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በስምንተኛው ሺህ ውስጥ መኖር ከጀመርን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆነን። የሩስያ ክርስቲያኖችም በእነርሱ አቆጣጠር 7000 ዓመተ ዓለም በ1492 እንደ ፈረንጆች ሲፈጸም የዓለም ፍጻሜ ነው ብለው የፋሲካን ሠንጠረዥ ከዚያ ወዲህ አላዘጋጁም ነበር፤ ዘመኑ ባለፈ ጊዜ አዲስ ሠንጠረዥ መሥራት ግድ ሆነባቸው። እኛም በ2000 ዓ.ም. መባቻ፥ ዓመተ ዓለም 7500 ሲሞላ፥ በዚህ በቦሌ አዳራሽ ሠርተን በደስታ ተቀበልነው፤ ፀሐይም በነጋታው እንደ ልማዷ ወጣች። ባሕረ ሐሳብ የተሰጠን ጾምና በዓል እንድናወጣበት ነው፤ የአብን ምሥጢር እንድንሰርቅበት አይደለም።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ የታሪክን መንገድ ሊመራ እንደሚችልም ማወቅ ይገባል። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው ድርሳን ከሰማንያ አንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ያልተቈጠረ ሲሆን፥ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ስለሚናገር በሕዝቡ ልብ ትልቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ይህን ስም መረጡ። ተስፋ ሕዝብን ያነሣል፤ ፍርሃት ደግሞ ይበትነዋል። ስለዚህ ስለ መጨረሻው ዘመን የሚያስተምር ሰው በእጁ ምን እንደ ያዘ ሊያውቅ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ሰሙን ትተን ወርቁን ወደ ራሳችን እናምጣ። ሎዶቅያ ባለጸጋ ከተማ ነበረች፤ በ60 ዓመት የምድር መናወጥ ባፈረሳት ጊዜ ከሮም ርዳታ ሳትቀበል በራሷ ገንዘብ እንደ ተሠራች ታሪክ ጸሐፊው ታኪቶስ ጽፏል። ምንም አይጐድለኝም ማለቷ እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ጌታ ድኻና ዕውር ብሎ ገሠጻት። በቦሌ፥ በገርጂ፥ በሰሚትና በአያት ትናንት እርሻ በነበረው ምድር ላይ ዛሬ ሕንጻ ቆሞበታል። ሕንጻ መሥራት ኀጢአት አይደለም። ዳሩ ግን በደጃችን የሚያልፈውን ሎሌና የቀን ሠራተኛ ሳናይ ካለፍን፥ የሎዶቅያን ዐይን ተካፍለናል።

ሦስተኛው ማኅተም ሲፈታ ጥቍር ፈረስ ወጣ፤ የተቀመጠበትም ሚዛን ይዞ ነበር። አንድ እርቦ ስንዴ በአንድ ዲናር እንደሚሸጥ ተነገረ። ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው፤ ያ የስንዴ ልክ ደግሞ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ምግብ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ደክሞ ራሱን ብቻ ይመግባል፤ ሚስቱና ልጆቹ ወይ ይራባሉ ወይ በገብስ ያድራሉ። ዘይቱና ወይኑ ግን አልተነካም። የገበያው ነገር ይህን ያህል በጥንቃቄ መጻፉ፥ የድኻ እንጀራ ዋጋ በሰማይ እንደሚመዘን ያስተምረናል። በ18ኛው ምዕራፍም የባቢሎን ነጋዴዎች ጭነት ሲቈጠር ከወርቅ ይጀምርና በሰው ነፍስ ይጨርሳል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሲመለሱ፥ በዚሁ በአጠገባችን ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ባዶ እጃቸውን ሲወርዱ የተመለከተ ሰው፥ ያ ዝርዝር ለምን በሰው እንደሚጨርስ ትርጓሜ አያስፈልገውም።

የመጽሐፉ ፍጻሜ ግን ባቢሎን አይደለችም፤ ከሰማይ የምትወርደው አዲሲቱ ኢየሩሳሌም ናት። ርዝመቷ፥ ወርዷና ቁመቷ ትክክል ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ሰሎሞን የሠራው ቅድስተ ቅዱሳን ርዝመቱ፥ ወርዱና ቁመቱ 20 ክንድ ሆኖ ትክክል ነበረ። እንግዲህ ወርቁ ይህ ነው፤ ከተማይቱ ሁለንተናዋ መቅደስ ሆናለች። ስለዚህ ዮሐንስ በእርሷ ውስጥ ሌላ መቅደስ አላየም። ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተለይተው አሉ፤ በዚያ ግን በደጀ ሰላም ቆሞ የኖረ ድኻ ከውስጥ ይቆማል። አሥራ ሁለቱ በሮቿ አይዘጉም። የሕይወቱም ዛፍ ቅጠል ለአሕዛብ ፈውስ ነው፤ በመድኃኒት የምትፈራ ነፍስ የእግዚአብሔር ከተማ በመካከሏ መድኃኒት እንዳለ ትስማ።

ስለዚህ ክቡራን ካህናት፥ ይህን መጽሐፍ ከነትርጓሜው ለሕዝቡ እናንብብ፤ እኛ ዝም ስንል ሌላው ያለ ትርጓሜ ይናገራልና። ምእመናን ሆይ፥ ስለ አውሬው የሚነግራችሁ ሰው ስለ በጉ ምን እንዳለ ጠይቁት። የበጉን ነገር ካልተናገረ ሰሙንም ወርቁንም አልያዘም። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ይውሰድ፥ ተማሪው ትምህርቱን አይተው፥ ባለጸጋው ሚዛኑን ያስተካክል።

ሰባተኛው መለከት በተነፋ ጊዜ የሆነው፥ የዓለም መንግሥት ለጌታችንና ለመሲሑ መሆኗ ነው። ርስት ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ይህም ኢዮቤልዩ ነው። ዮሐንስም መጽሐፉን የዘጋው ከጌታ ፊት ለመሸሸግ በመለመን አይደለም፤ ጌታ ፈጥኖ እንዲመጣ በመለመን ነው። ደብራችንንም ይህን ልመና ያለ ፍርሃት የምትለምን ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።